ዝይዎቹ የቆሙበት ጋ ወደ ግራ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ፍረዱኝ። ዝይ ምልክት ይሆናል? ዛፍ ምልክት ነው፤ በተተከለበት ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ምልክት ነው፤ ተነሥቶ አይሄድም። ዝይ ግን እግር አለው፤ እግሩ ሲደክመው ደግሞ ክንፍ አለው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ እኔም ብሆን ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሆኖም ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ በገዛ እጄ ወረቀት ላይ «ዝይዎቹ የቆሙበት ጋ ወደ ግራ» ብዬ ጽፌ፣ ወረቀቱን እንደ ክታብ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሁለት የተከበሩ ወንዶች አስከትዬ ለሽምግልና ወጣሁ።

ነገሩ የልጅ ልጄ የዳዊት ነው። እናቱ ሁለት ሥራ ስትሠራ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማርታ የምትባል ልጅ ወደደ። ማርታን አይቻታለሁ፤ እኔ ቤት መጥታ ሳትጠየቅ ሳህን ያጠበች ልጅ ናት። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ደምሴ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ሰዓት ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ዳዊት አንድ ጊዜ እቤታቸው ለምሳ ተጠርቶ አርባ ደቂቃ አርፍዶ ሄደ። እሳቸውም ምንም አላሉም፤ ግን አልረሱም።

አሁን ሊያገባት እንደሚፈልግ በማርታ በኩል ሲሰሙ እንዲህ ብለው ላኩበት፦ «ሽማግሌ ይላክ፣ እንደ ወጉ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ማለት ዘጠኝ ነው። ሰዓቴን ያላከበረ ቤተሰብ ልጄን አያከብርም።»

ዳዊት ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ሻሽ መስሎ ነበር።

«እማዬ፣ ሂ ኢዝ ሲሪየስ። እባክሽ አታርፍዱ። ፕሊስ።»

«እኔ ነኝ የማረፍደው?» አልኩት። ስለ ሰዓት ለእኔ የሚነገር ነገር የለም። የምኖረው እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባል ሰፈር፣ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነው። ምድር ቤታችን ሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ ለሃያ አራት ቤት። እኔ ከመምጣቴ በፊት የሚያጥበው ጉልበተኛ ነበር። እኔ ነኝ ሰንጠረዥ አውጥቼ፣ የእያንዳንዱን ቤት ሰዓት ጽፌ በሩ ላይ የለጠፍኩት። ሰዓቱን አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ሰው ልብሱን ከነአረፋው ቅርጫት ውስጥ ያገኘዋል። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ «አውቶቡስ አምልጦኝ ነው» ብትለኝ፣ «እንግዲያው አውቶቡሱን ውቀሺ» አልኳት። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ዞሮ ይመጣል።

ሽማግሌ ሦስት ወይም አምስት ነው የሚሆነው፤ ጎዶሎ ካልሆነ ነገር ሲለያይ አይበየንም። የመጀመሪያው ጎረቤታችን ሐጂ ሲራጅ ሆኑ፤ ንግግር አዋቂ ናቸው። ሁለተኛው ጸጋዬ ነው፤ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ መኪና አለው። ሦስተኛ ማን ይሁን ሲባል «እኔ» አልኩ።

«እትዬ፣ ሴት ሽማግሌ…» ብሎ ጸጋዬ ጀመረ።

«ዳይፐሩን ማን ቀየረ?»

«እሱ እርስዎ ነዎት፣ ግን…»

«ትኩሳት ሲይዘው ኢመርጀንሲ ይዞት የሮጠ ማነው? አንተ ነህ ወይስ ሐጂ ናቸው?»

ሐጂ ሲራጅ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉና «ጸጋዬ፣ ይህን ክርክር አናሸንፍም» አሉ። በዚሁ ተወሰነ።

መንገዱን የነገሩኝ የማርታ እናት ወይዘሮ አስቴር ናቸው፤ በስልክ። ቤታቸው ከእኛ በስተሰሜን፣ ቶርንተን የሚባል ከተማ ነው፣ ሐይቅ ዳር።

«ከሀይዌይ ወርደው ቀጥ ይበሉ» አሉኝ። ጻፍኩ። «ሐይቁን ያገኙታል። ትንሽ ናት፣ ግን ሐይቅ ናት።»

«በቀኝ ልተዋት በግራ?»

«እሱ እንግዲህ እንደ አመጣጥዎ ነው።» ይህንንም ጻፍኩት። «ብቻ ዝይዎቹ የቆሙበት ጋ ወደ ግራ ይበሉ። ቤቱ ግራጫ ነው፣ ጋራዡ ነጭ። ከጠፋብዎ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ወጥ እየሠራሁ ነው የምቆየው፤ የቁሌቱ ሽታ ራሱ ያመጣዎታል። ለነገሩ አድራሻውን ለዳዊት ቴክስት አድርጌለታለሁ።»

«ቴክስት ለልጆች ነው እኅቴ፤ ለእኔ ቃልዎ ይበቃኛል» አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣን። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ነው። ዳዊት ደረጃው ላይ ቆሞ አድራሻውን ጸጋዬ ስልክ ላይ አስገባለትና «ጸጊሽ፣ ጀስት ፎሎው ኢት» አለው።

ገና ከመነሣታችን አንድ የፍትሕ ጥያቄ ተነሣ። ከፊት ማን ይቀመጥ? ሐጂ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔም ጉልበቴን ያመኛል። ሰው ሁሉ «ግድ የለም፣ እርስዎ ይቀመጡ» ይባባላል፤ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ግን ውስጡ ያጉረመርማል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። «ግማሹን መንገድ ሐጂ፣ ግማሹን እኔ» ብዬ በየንኩ። ጸጋዬ «ግማሹ የት ነው?» ቢለኝ «ስንደርስበት እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሐጂ ፊት ተቀምጠው ንግግራቸውን ይለማመዱ ጀመር። «የተከበራችሁ የዚህ ቤት ባለቤቶች፣ እኛ ዛሬ ወደ ደጃችሁ የመጣነው…»

«ኢን ሃፍ ኤ ማይል፣ ኪፕ ሌፍት» አለች የስልኩ ሴትዮ።

ሐጂ ዝም ብለው ጠበቋት። እንደገና ጀመሩ። «የተከበራችሁ የዚህ ቤት ባለቤቶች፣ እኛ ዛሬ…»

«ኪፕ ሌፍት።»

ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ሦስተኛ ጊዜ አቋረጠቻቸው። እኔ ሰው ሲናገር የሚያቋርጥ አልወድም፤ ሰውም ቢሆን፣ ማሽንም ቢሆን።

«ጸጋዬ፣ ይህችን ሴትዮ ዝም አሰኛት።»

«እትዬ፣ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት።»

«መንገዱን እኔም ይዣለሁ» ብዬ ወረቀቴን አወጣሁ። «ደግሞ ሽማግሌ ሦስት ነው። እሷ ከገባች አራት ልንሆን ነው። በየት አገር ነው ሽማግሌ ሙሉ ቁጥር የሚሆነው? ድምፅ እንስጥ!»

ሐጂ ሦስቴ በመቋረጣቸው ተቀይመዋልና ከእኔ ጋር ሆኑ። ሁለት ለአንድ። ጸጋዬ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና «ኋላ እንዳትወቅሱኝ» አለ። እስከ ዛሬ አልወቀስኩትም። እሱ ግን እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ያስታውሰኛል።

አንድ ነዳጅ ማደያ ሳይ «ግማሹ እዚህ ነው» አልኩ። ቆምን። ሐጂ ለመውረድ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ለመውጣት ወሰደብኝ። ቀበቶው አልዘጋ አለ። ሁላችንም ተስተካክለን፣ ጸጋዬ በሌላኛው በር ወጥቶ ሀይዌይ ውስጥ ገባና በደስታ ነዳን። እዚህ አገር አቅጣጫ የሚታወቀው በተራራው ነው። ተራራው ምዕራብ ነው፤ ወደ ሰሜን ስትሄዱ በግራችሁ ይሆናል። የዚያን ቀን ግን ደመና ሸፍኖት ነበር። አስር ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ደመናው ገለጥ ሲል ተራራው በቀኜ በኩል ብቅ አለ።

ተራራ አይዞርም። የዞርነው እኛ ነን።

«ጸጋዬ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ተራራው ለምን በዚህ በኩል መጣ?»

ጸጋዬ ተራራውን አየ፣ እኔን አየ፣ ኪሱን በመዳፉ ነካ አደረገ። ምንም አላለም። ለእንዲህ ያለው ዝምታ ነው ሰውየውን የማከብረው።

ተመልሰን ሐይቋ ጋ ስንደርስ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ገና ነው፤ አልረፈደም። ወይዘሮ አስቴር እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን ሐይቅ ናት። ዙሪያዋን ቤት ነው። ቤቶቹ በሙሉ ግራጫ ናቸው። ጋራዦቹ በሙሉ ነጭ ናቸው። አንዱ ቤት ከአንዱ እንዲለይ የማይፈቅድ የሰፈር ኮሚቴ አለ አሉ፤ እንደ እኔ ያለ ሰንጠረዥ አውጪ ሰው ነው ኮሚቴውን ያቋቋመው።

ዝይዎቹስ? ዝይዎቹ አሉ። ሦስት ቦታ ተሰብስበዋል፤ እንደ ሦስት ማኅበር። አንደኛው ማኅበር ሣሩ ላይ፣ ሁለተኛው ውኃው ዳር፣ ሦስተኛው አስፋልቱ መሃል ቆሞ መኪና አላሳልፍ ይላል።

«የትኞቹ ናቸው?» አለ ጸጋዬ።

«ብዙ ያሉበት ይሆናል» አልኩ።

መቁጠር ጀመርን። ሐጂ ሣሩ ላይ ያሉትን፣ እኔ ውኃው ዳር ያሉትን። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ዘጠኝ እኩል ወጡብን። እንደገና ለመቁጠር አንድ ዙር ዞርን። ለማረጋገጥ ሌላ ዙር ዞርን። በሦስተኛው ዙር አንዲት ፈረንጅ ከውሻዋ ጋር እየሮጠች መጣች። ውሻው ጮኸ። ምልክታችን ተነሥቶ በረረ።

ጸጋዬ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ እያየ «እንግዲህ እትዬ፣ ወደ ግራ ወደ ሰማይ ነው?» አለኝ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ነው። «እማዬ፣ ደረሳችሁ?»

እኔ ውሸት አልወድም። «ሐይቁ ፊታችን ነው» አልኩት። እውነት ነው፤ ሐይቁ ፊታችን ነበር።

«ቤቱስ?»

«ቤቱም ፊታችን ነው።» ይህም እውነት ነው፤ ሁሉም ቤት ፊታችን ነበር።

ልክ ስልኩን ስዘጋ ሽታው መጣ። ሽንኩርትና በርበሬ! ሳይቸኩል የሚበስል ቁሌት! በግማሽ ከተከፈተ ነጭ ጋራዥ እየወጣ በሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ አገር ቤቱ እንዳይሸት ብሎ ጋራዥ ውስጥ ወጥ የሚሠራ ሰው ከእኛ ሰው በቀር ማን አለ?

«አላልኳችሁም!» አልኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። በሩን አንኳኳን።

የከፈቱልን ሸበቶ፣ ፈገግተኛ ሰው ናቸው። ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ «ግቡ፣ ግቡ! ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። እንዲህ ደስ የሚል አቀባበል አልጠበቅኩም ነበር፤ ዳዊት ያለምክንያት አስፈራርቶናል አልኩ በሆዴ። እንደ ወጉ ግን ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም።

«አንቀመጥም» አልኩ። «ቆመን ነው የምንናገረው።»

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። «ምነው፣ በደኅና? አገር ቤት ሰው…»

«ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» አሉ ሐጂ፤ ማንም ሳያቋርጣቸው እስከ መጨረሻው ተናገሩት። «የተከበራችሁ የዚህ ቤት ባለቤቶች፣ እኛ ዛሬ ወደ ደጃችሁ የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን፣ እኛም ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ እንድትቀበሉን ነው።»

ባለቤታቸው ከጋራዡ በር ማማሰያ ይዘው ብቅ ብለው ነበር። ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። «እመቤቴ!» አሉ፤ ከዚያ እልልታቸውን ለቀቁት። እንዲህ ያለ እልልታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ ሐይቁ ላይ የቀሩት ዝይዎች ሁሉ ተነሥተው በረሩ።

«ስለቴ ደረሰ!» ይላሉ። «ፍቅሬ፣ ምን ትጠብቃለህ? እሺ በላቸው!»

«ቆይ እንጂ፣ ልጅቷ ትጠየቅ» አሉ ባልየው፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። እኔም «ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጨዋ ቤት ነው» ብዬ ለማልቀስ ተዘጋጀሁ።

ልጅቷ ከፎቅ ወረደች። የሆስፒታል ልብስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ከእንቅልፍ ተነሥታ ነው። ማርታ አልመሰለችኝም። ግን ሰው ከእንቅልፍ ሲነሣ ማንን ይመስላል?

«ማም፣ ዋት ኢዝ ጎኢንግ ኦን?»

«ሊጠይቁሽ መጡ!» አሉ እናትየው።

«ሁ?» አለች። «ማነው ሰውየው?»

«ምነው ማርታዬ» አልኩ፣ «አታውቂኝም? እቤቴ ሳህን አጥበሽ የለም?»

ልጅቷ አየችኝ። «ማርታ? እኔ ሄለን ነኝ እማማ።»

ጋራዥ ውስጥ ቁሌቱ ሲንተከተክ ይሰማል።

«የአቶ ደምሴ ቤት አይደለም እንዴ?» አለ ጸጋዬ፣ ድምፁ ከጫማው ሥር የሚወጣ ይመስል።

ባልየው፣ አቶ ፍቅሬ፣ ቀስ ብለው በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ማዶ አመለከቱ። «ደምሴ? አውቶቡስ ነጂው? ያውላችሁ፣ ያ ግራጫው።» አሥራ ሁለት ግራጫ ቤት ይታየኛል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ቶርንተን መሬቱ ደረቅ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ሄለን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እናቷ እንባቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ።

«በቃ፣ እንሂድ» አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ሆኗል።

«ሳትቀምሱ?» አሉ ወይዘሮዋ። ፊታቸው ተለወጠ። «እልል አስብላችሁኝ፣ ባዶ አፋችሁን ልትወጡ?»

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ማዶ ሰዓት የሚቆጥሩ ሰው አሉ። እዚህ ደግሞ ተስፋ ሰጥቼ የነጠቅኳቸው እናት አሉ። ከሁለቱ ማንን ላስቀይም? «አንድ አንድ ጉርሻ» አልኩ። እሳቸው ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሦስት ሦስት አሉ። ሐጂ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ ለሳቸው ሰላጣ ይቆረጥ ተባለ፤ ቲማቲሙ እስኪቆረጥ ጠበቅን። ለሐጂም ሦስት ጉርሻ ሰላጣ፤ እኩል መሆን አለበት። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። አፌን ዶሮ ሞልቶት እንኳ ስለ ፍትሕ እናገር ነበር።

አቶ ፍቅሬ በራሳቸው መኪና ፊት ፊት እየሄዱ አደረሱን። አቶ ደምሴ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው በራቸው ላይ ቆመዋል። ሰላምታ አልሰጡንም። ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት» አሉ።

«ይቅርታ…» ስል እጃቸውን አነሡ።

«የጓሮ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አይቻችኋለሁ። ሐይቁን ሦስት ጊዜ ዞራችሁ። በሁለተኛው ዙር እጄን አውለብልቤላችኋለሁ።»

«ዝይ እየቆጠርን ነበር» አሉ ሐጂ፤ ንግግር አዋቂው።

«ከዚያ ማዶ ቤት ገባችሁ። እልልታ ሰማሁ። እልልታ በውኃ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ እማማ? ንገሩኝ እስቲ፤ እዚያ ቤት ልጅ ጠየቃችሁ?»

ጸጋዬ በክርኑ ነካኝ። ግን እኔ ውሸት አልወድም ብያችኋለሁ። «ጠይቀናል» አልኩ።

«ሰጧችሁ?»

«ሊሰጡን ነበር። ልጅቷ ስሟ ሌላ ሆነ።»

ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ማርታ ናት። አቶ ደምሴ ግን አልሳቁም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ልጁ ስልኩን ተከተሉ ብሎ ነበር። ጸጋዬም ብሎ ነበር። አፏን ያዘጋሁት እኔ ነኝ፣ መንገድ ላይ ወንበር ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ፣ ሽታ የተከተልኩት እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን። ያላጠፋው ልጅ በእኔ ጥፋት ቢቀጣ ፍርድ አይሆንም።»

አቶ ደምሴ ክራቫታቸውን አጠበቁ። «እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ» አሉ። «ሰው እየሮጠ ሲመጣ በመስታወት አየዋለሁ። አንጀቴን ይበላኛል። ግን ሰዓቱ ከደረሰ እሄዳለሁ። ውስጥ የተቀመጡት ሰዓታቸውን ጠብቀው የመጡ ናቸውና።»

«ልክ ነው» አለ አፌ፣ እኔን ሳይጠይቅ። ምን ልበል? የዚያች ጎረቤቴ ቅርጫት፣ ከነአረፋው፣ ፊቴ መጥቶ ድቅን አለ። ፍርዱ የእኔው ፍርድ ነው፤ እየዞረ እየዞረ ቶርንተን ድረስ መጥቶ አገኘኝ። እሱ እንኳ መንገድ አልጠፋውም።

«ግን ሁልጊዜ ቀጣይ አውቶቡስ አለ» አሉ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት።» በሩን ቀስ አድርገው ሲዘጉ «ካገኛችሁት» ብለው ጨመሩ።

ወይዘሮ አስቴር በጋራዡ በኩል ወጥተው «ሽታው አልመጣልዎትም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«መጣ እኅቴ» አልኳቸው። «ከሌላ ቤት ነው እንጂ።»

እቤት ስንመለስ ዳዊት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ሁሉንም ነገርኩት፣ ዶሮውንም ጭምር። አልጮኸብኝም። ወደ ኩሽና ገብቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ፤ የታጠበውን ሳህን። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ምድር ቤት ወርጄ ሰንጠረዡ ላይ «አሥር ደቂቃ ምሕረት ይሰጣል» ብዬ ጻፍኩ፤ ጎረቤቴ አንብባ ግንባሬን ነካችኝ፣ አሞኝ መስሏት። ቀጥሎ ዳዊትን የስልኩን ሴትዮ አሠራር አስተምረኝ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ አቶ ፍቅሬ ደወሉ፤ «ስህተቱ የተፈጸመው እኔ ቤት ነው፤ ልጁም ያለጥፋቱ ተበድሎ እንዳይቀር ምስክር ሆኜ አብሬ እቆማለሁ» አሉ። ፍትሕ የገባቸው ሰው ማለት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜው ደረሰ። ሐጂ ፊት ተቀመጡ፤ እስከ መጨረሻው። ሴትዮዋ ታቋርጣቸዋለች፣ እሳቸውም ይጠብቋታል፤ እሷ ስትጨርስ ይቀጥላሉ፤ በተራ። እኔ ኋላ ሆኜ ዝም አልኩ። ስምንት ከሩብ ላይ ሐይቋ ጋ ነበርን። ቀድሞ መድረስም ሰዓት አለማክበር ነው ብዬ መኪናውን ዳር አስቆምኩ። ሄለን በእግሯ ስታልፍ መስኮቱን አንኳኳች።

«እማማ፣ ስቲል ሎስት?»

«የለም ልጄ፣ ቀድመን ነው።»

«ዛሬስ ለእኔ ነው የመጣችሁት?»

«ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ!» ብላ እየሳቀች ሮጠች።

አቶ ፍቅሬ መጥተው ተቀላቀሉን። ለዘጠኝ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከመኪናው ወርደን በእግራችን ሄድን። የጸጋዬን ስልክ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ባለፈው አፏን ያዘጋሁባት እኔ ስለሆንኩ ዛሬ ልሸከማት ይገባኛል። ዝይዎቹ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

በሩ ከማንኳኳታችን በፊት ተከፈተ። አቶ ደምሴ ያው ሱፍ፣ ያው ክራቫት። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«አራት ናችሁ» አሉ። «ሽማግሌ ጎዶሎ ነው የሚሆነው።»

ይህንን ሕግ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? አቶ ፍቅሬ አብሬ ልቁም ሲሉኝ በደስታ እሺ ስል መቁጠሩን ረስቼዋለሁ። የዳዊት ነገር በቁጥር ሊበላሽ ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ያኔ እጄ ውስጥ ሆና፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ዩ ሃቭ አራይቭድ» አለች የስልኩ ሴትዮ፤ ደርሳችኋል ማለቷ ነው።

አቶ ደምሴ ስልኩን አዩ። እኔን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰዓት የተጠበቀ ሳቅ ወጣና ክራቫታቸው ተፈታ። «እንግዲያው አምስት ናችሁ» አሉ። «ልክ ዘጠኝ ሰዓት። ግቡ።»

ሐጂ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ቆመን ነበር፤ ሲጨርሱ «ተቀመጡ» ተባልን። ልጅቷን ሰጡን። ዳዊት ስደውልለት ሲያለቅስ ሰማሁት። ሁላችንም ተመራርቀን ስናበቃ፣ ማርታ ስልኩን ከጉልበቴ ላይ አንሥታ ላጥፋው ወይ አለችኝ።

«ተያት ልጄ» አልኳት። «አብራን ሽምግልና የመጣች ናት፤ ወደ ቤት የምትመልሰንም እሷው ናት።»